ኮረዳ ለምን አትሸጥም?

እስቲ መልሱልኝ፤ ጥንድ በሬ ያለው ገበሬ አንዱን ሸጦ ራዲዮ የሚገዛው ምን ሊሰማበት ነው? «ዘፈን» ያላችሁ እንደሆነ የጓድ ሙላቴ ወንበር ይስማማችኋልና ሄዳችሁ ተቀመጡበት። ጓድ ሙላቴም ከዚህ የተሻለ አላሰበም፤ ያሰበውንም በጽሑፍ እንዲሰፍርለት አዘዘ።

ነገሩ የሆነው በሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። በደብረ ታቦር፣ በአውራጃው የንግድ ጽሕፈት ቤት፣ ፈንታሁን የሚባል የስታቲስቲክስ ባለሙያ ነበር። ምን ያህል ጨው ገባ፣ ስኳር የት አለቀ፣ አቡጀዲ የት ተረፈ እያለ በሚሊሜትር ወረቀት ላይ መስመር መሳል ነበር ሥራው። እጁ ጥሩ ነው፤ መስመሩ አይንቀጠቀጥም። በተለይ ከዚያ ዓመት መጋቢት ወዲህ ጭራሽ አይንቀጠቀጥም ነበር፤ የሚያንቀጠቅጠው ነገር ከውስጡ ወጥቶ ሄዷልና።

ካሳሁን የሚባል አንድ ልጅ ነበረው። ከጓደኛው ጋር ሥራ ሊፈልግ ባሕር ዳር ሄዶ ሲመለስ፣ ሐሙሲት ላይ መኪናውን አስቁመው ጎረምሳ ጎረምሳውን ሲያወርዱ እሱም ወረደ። ለብሔራዊ ውትድርና ነው ተባለ። ወደ ሰሜን ሄደ። ከዚያ «እኔ ደኅና ነኝ፣ ሹራብ ላኩልኝ» የሚል ዓይነት ወረቀት አልፎ አልፎ ይመጣ ነበር። በመጋቢት የጦር ግንባሩ ተሰብሯል የሚል ወሬ በየጓዳው ተንሾካሾከ። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ፈንታሁን ሄዶ ጠየቀ፤ «ሲደርሰን እናሳውቃለን» አሉት። ደግሞ ሄደ፤ «አልደረሰንም» አሉት። ከዚያ በኋላ ሰውየው ክንዱን ተኝቶበት እንዳደረ ሰው ሆነ፤ አካሉ አለ፣ ቢቆነጥጡት ግን የሌላ ሰው ነው። ሚስቱ ውዴ ጨው የረሳችውን ወጥ ብታቀርብለት ይበላል። ለቅሶ ቤት ይሄዳል፤ የሌላውን እንባ አይቶ ተመልሶ ይመጣል።

ወደ ራዲዮው እንምጣ። በዚያ ዘመን ገበያው ላይ ሁለት ዓይነት ራዲዮ ይፎካከሩ ነበር። የፋብሪካ ስማቸውን ማን ያነባል? ሕዝቡ የራሱን ስም አወጣላቸው። አንደኛዋ ቀይ፣ ትንሽ፣ በትከሻ የምትንጠለጠል፣ የአገሩን ጣቢያ ብቻ የምትስብ ናት፤ «ኮረዳ» ተባለች። ጎረምሳ ለጥምቀት ኮረዳን አንጠልጥሎ፣ እስከ ጥጉ አስጩኾ ካልወጣ እንደ ወጣ አይቈጠርም ነበር። ሁለተኛው ጥቁር የቆዳ ልብስ የለበሰ፣ አንቴናውን እንደ መቋሚያ ይዞ የሚቆም፣ ድምፁ ጎርነን ያለ፣ የሩቅ አገር የሚስብ ነው፤ ዋጋውም ወገብ ይሰብራል። እሱን «መነኩሴ» አሉት።

ለዓመታት ኮረዳ ስትመራ ኖረች። መነኩሴን የሚገዛው አልፎ አልፎ አንድ መምህር ወይም አንድ የቡና ነጋዴ ነበር። ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። የጅምላው መጋዘን በኮረዳ ተሞልቶ አቧራ ሲጠጣ፣ መነኩሴ ከጭነት መኪናው ሳይወርድ ማለቅ ጀመረ። ከበላይ «ይጠና» የሚል ትእዛዝ መጣ።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ጓድ ሙላቴ ፈንታሁንን አስጠራው። ፈንታሁን ሊወልደው ይችል ነበር፤ እሱ ግን «አንተ» ይለዋል። አብዮት ነዋ! ሽበት ከአድኃሪያን ወገን የተመደበበት ዘመን ነው።

«ጓድ ፈንታሁን፣ ይህን ነገር አጥናልኝ። በዓመቱ መዝጊያ ስብሰባ ላይ፣ ሕዝብ ፊት ታቀርበዋለህ። ከጎንደርም አንድ ከፍተኛ ጓድ ይመጣሉ።»

«የቱን ነገር?»

«ኮረዳ ለምን አትሸጥም?»

ጥግ ላይ የተቀመጠችው ጸሐፊ የሺ ከጽሕፈት መኪናዋ ቀና ሳትል «ጎረምሳው ከየት ይምጣላት?» አለች።

ሙላቴ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ፈንታሁን ወረቀቱን ተቀብሎ ወጣ።

ያን ሰሞን ተቀምጦ መስመሮቹን ሣለ። ኮረዳን በቀይ እርሳስ፣ መነኩሴን በጥቁር። ቀዩ መስመር ቁልቁል መውረድ የጀመረው ምልመላው በበረታ ጊዜ ነው፤ ጥቁሩ ሽቅብ የወጣው ከመጋቢት በኋላ ነው። ሚያዝያ ላይ ሁለቱ እንደ መስቀል ተላለፉ። ፈንታሁን ትንሽ አየው። የመጀመሪያውን የሺ ነግራዋለች፤ ኮረዳን የሚያንጠለጥል ትከሻ ሌላ ነገር እንዲያንጠለጥል ተወስዷል። ሁለተኛው ግን አልገባውም። ጎረምሳው ከሄደ፣ መነኩሴን የሚገዛው ማን ነው?

ከገበያው ዳር ሱቅ ያለው ሙስጠፋ የልጅነት ወዳጁ ነው። የሙስጠፋ ልጅ ዑመርና ካሳሁን በአንድ ወንበር ተምረዋል፤ ሐሙሲት ላይም ከአንድ መኪና ነው የወረዱት። ስለዚህ ሁለቱ አባቶች ሲገናኙ ስለ ልጆቻቸው አያወሩም።

«የመንግሥት ሰው መጣ! ስኳሬን ልደብቅ እንዴ?» አለ ሙስጠፋ።

«መነኩሴን ከአንተ የሚገዛው ማን ነው?»

«ገንዘብ ያለው።»

«ማን ነው ገንዘብ ያለው?»

«በሬ የሸጠ።»

«በሬ ሸጦ ራዲዮ? ምን ሊሰማበት?»

«ስማ ፈንታሁን፣ እኔ ነጋዴ ነኝ። የነፍስ አባታቸው አይደለሁ፣ ንስሐ አልቀበል!»

ጠረጴዛው ላይ የጥፍር ቀለም ጠርሙስ ነበረች፤ ቀይ፣ ልታልቅ የደረሰች። ደብረ ታቦር ውስጥ ጥፍሯን የምትቀባ ሴት ከታየች ሰንብቷል፤ አንዷ ደፍራ ብትቀባ የቀበሌው ሊቀ መንበር በስብሰባ መሐል አስነሥቶ ገሥጿታል።

«ይኼኛውስ ለማን ነው የሚሸጠው?» አለ ፈንታሁን።

ሙስጠፋ ጠርሙሷን አንሥቶ መሳቢያ ውስጥ ከተታት። «ለራሴ ነው። ሚስቴ ራቢያ ጥፍርህ አያምርም ብላኝ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ይሳሳቁ ነበር። ፈንታሁን ደኅና ዋል ብሎት ወጣ።

በገበያ ቀን ወደ ገሳይ ከተማ ሄደ። እዚያ ይርጋ የሚባሉ ሸምገል ያሉ ገበሬ መነኩሴን በጋቢያቸው ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን ታቅፈው አገኛቸው። አጠገባቸው ሰዎች ተሰብስበው ቆመዋል።

«ጤና ይስጥልኝ አባቴ። ራዲዮው እንዴት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነው» አሉ ይርጋ፣ ስለ ልጅ እንደ ተጠየቀ ሰው።

«ኮረዳን ለምን አልገዙም? በዋጋ ትሻል ነበር።»

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ ኮረዳ ምን ላደርጋት!»

ገበያተኛው ሳቀ። ፈንታሁን ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀና «ለመሆኑ ምን ይሰሙበታል?» አለ።

ሳቁ ባንድ ጊዜ ቆመ። ይርጋ ጋቢያቸውን ጠበቅ አደረጉ።

«የእርሻ ትምህርት።»

«በሬ ሸጠው የእርሻ ትምህርት?»

«ባንድ በሬ እንዴት እንደሚታረስ ያስተምር እንደሁ ብዬ ነዋ፣ ጌታው።»

«ታዲያ አሁን በምን ያርሳሉ?»

«በመቀናጆ ነው። የኔን በሬ ከጎረቤቴ በሬ ጋር ጠምደን፣ አንድ ቀን ለሱ፣ አንድ ቀን ለኔ። የሱም አንድ ነው የቀረው። ራዲዮ ገዝቶ።»

ፈንታሁን ራዲዮውን ለማየት ጠየቀ። ይርጋ አልወደዱም፤ ግን የመንግሥት ሰው ነውና ገለጥ አደረጉለት። ጣቢያ በሚመረጥበት መስታወት ላይ ቀይ ነጥብ አለች፤ የምስር ክክ የምታህል።

«ይህች ምንድን ናት?»

«ከፋብሪካው ነው» አሉ ይርጋ ቶሎ።

ከጀርባቸው የቆመች ሴትም መነኩሴ ይዛለች። የሷም መስታወት ላይ፣ እዚያው ቦታ፣ ያቺው ቀይ ነጥብ አለች። የሙስጠፋ ጥፍር ለምን እንደማያምር ፈንታሁን ያን ጊዜ ገባው። ማንበብ ለማይችል ሰው ጣቢያው ምልክት ተደርጎበታል። የየትኛው ጣቢያ እንደሆነ ግን አልጠየቀም። መጠየቅ የሚፈልግ ነገር በውስጡ አልነበረም።

የእህል ጭነት መኪና አግኝቶ ከልማዱ ቀድሞ ቤቱ ደረሰ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷታል። በድንጋይ አጥሩ ላይ የባትሪ ድንጋዮች ተሰልፈው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ያለቀ ድንጋይ ፀሐይ ሲመታው ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ቆሞ አያቸው። እሱ ቤት ያለችው የካሳሁን ኮረዳ ብቻ ናት፤ እሷም ባለቤቷ ከሄደ አፏን አልከፈተችም፤ እንዲህ ያለ ወፍራም ድንጋይም አትጎርስም።

በሩን ገፋው። ሴቶች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ውዴ አለች፣ የሙስጠፋ ሚስት ራቢያ አለች፣ ጎረቤታቸው ፈንታነሽ አለች፣ ሌሎችም የሠፈሩ እናቶች። ከመካከላቸው፣ በሰፌድ ላይ፣ መነኩሴ ቆሟል። ማንም አልተነሣም። ውዴ እጇን ዘርግታ ድምፁን ቀነሰችው እንጂ አላጠፋችውም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት።

«ከሚያዝያ። በየቤቱ ይዞራል፣ እንደ ጽዋ። ዛሬ ተራው የኛ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ የመንግሥት ሰው ነህ» አለችው። ስድብ አልነበረም፤ «ውጭ ይዘንባል» እንደ ማለት ነበር የተናገረችው።

ከራዲዮው ፉጨትና ጩኸት ይወጣል፤ ጣቢያውን ለማፈን መንግሥት የሚለቅበት ፉጨት ነው። በፉጨቱ መሐል ግን አንድ ሰው ቀስ ብሎ ስም ያነባል፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ አገር። ከማዶ ያሉት አማፅያን የማረኳቸውን ወታደሮች ስም የሚያነቡበት ሰዓት ነው። ልብ በሉ! ልጁን ከመኪና አውርዶ የወሰደው መንግሥት «አልደረሰንም» ይላል፤ «ወንበዴ» የሚባለው ደግሞ በየማታው ስም ይጠራል። እናት ልጇ መኖር አለመኖሩን ከጠላት አፍ እንድትጠብቅ ያደረጋት ማን ነው? ይህን ጥያቄ ያዙልኝ።

«ካሳሁን…» አለ ራዲዮው።

የሴቶቹ ዐይን ሁሉ ወደ ውዴ ዞረ።

«…ሞላ። ከየጁ።»

የውዴ እጅ ጉልበቷ ላይ እንደ ነበረ ነው። ፈንታሁን በውስጡ አንድ ነገር እንዲነሣ ጠበቀ፤ አልተነሣም። የጁ ውስጥ ሌላ እናት በዚህ ሰዓት እልል ብላ ይሆናል፤ ወይም ራዲዮ የላት ይሆናል። ራቢያ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።

«ተቀመጥ ወንድሜ። ገና ነው፣ አላለቀም።»

ተቀመጠ። ስሙ ቀጠለ፤ አንዱም የነሱ አልነበረም። ፉጨቱ ብቻ ሲቀር ውዴ አንቴናውን አጠፈች፤ ፈንታነሽ ራዲዮውን ቅርጫት ውስጥ አስገብታ ጎመን አለበሰችው።

«የነፍስ አባቴን ፍትሐት ጠይቄያቸው ነበር» አለች ፈንታነሽ፣ ጎመኑን እያስተካከለች። «‹መርዶውን ማን ነገረሽ?› አሉኝ። ማን ነገረኝ ልበል? መርዶ ሳይነገራት ያለቀሰች እናት ልጇን በአፏ ገደለችው ነው የሚባለው።»

«እኛም ዘንድ ያው ነው» አለች ራቢያ። «ሞቱ ሳይታወቅ ማን ይሰግድለታል? ሙስጠፋ ቀን ቀን ይቀልዳል። ማታ ከግድግዳው ጋር ነው የሚያወራው።»

ፈንታሁን ያን ጊዜ የራሱን በሽታ አወቀው። የሱ ብቻ አልነበረም። አውራጃው በሙሉ መርዶ ሳይነገረው የተቀመጠ ለቅሶ ቤት ነው፤ አያለቅስም፣ አይሥቅም፣ ተራ ጠብቆ ስም ያዳምጣል።

ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ ውዴ በሩ ላይ ቆማ «ምን ልትጽፍ ነው?» አለችው።

«አላውቅም።»

«እውነቱን ብትጽፍ ራዲዮውን ከየቤቱ ይለቅሙታል። እኛንም ከራዲዮው ጋር። መጀመሪያ የሚያስሩት ሙስጠፋን ነው።»

«ውሸቱን ብጽፍስ?»

«ውሸቱን ብትጽፍማ ደልቷቸዋል ብለህ ፈረምክ ማለት ነው።»

በማግሥቱ ጓድ ሙላቴ የፈንታሁንን ወረቀት ወደ መስኮቱ አንሥቶ መስመሮቹን አየና ፊቱ በራ።

«ምን አስጨነቀህ? ግልጽ እኮ ነው! የአርሶ አደሩ ገቢ አድጓል። ገቢው ሲያድግ ከርካሹ ወደ ውዱ ይሸጋገራል። የኢኮኖሚ ሕግ ነው።»

«በሬ እየሸጡ ነው የገዙት።»

«እኮ! የሚሸጥ በሬ አላቸው ማለት ነው።»

እንግዲህ ለእንዲህ ያለ አእምሮ ምን መልስ ይሰጡታል? የጎን አጥንቱ የተቈጠረ ሰው ቢያይ «የሚቈጠር አጥንት አለው» የሚል ነው። የሺ የጽሕፈት መኪናዋን መምታቷን አቆመች። ሙላቴ ዞር ብሎ ድምዳሜውን አስጻፋት፤ እሷም ጣቶቿን እንደ ድንጋይ እየጣለች መታችው። የአርሶ አደሩ ኑሮ መሻሻል። የአብዮቱ ፍሬ። ፈንታሁን የተመታውን ድምዳሜ አጥፎ ኪሱ ከተተ።

የስብሰባው ቀን አዳራሹ ሞላ። የቀበሌው ሴቶች በግዴታ ተጠርተው በአንድ ወገን ተቀምጠዋል። ከየገበሬ ማኅበሩ የመጡት በሌላው ወገን፤ ይርጋም በመካከላቸው አሉ። ሙስጠፋ በሩ አጠገብ ቆሟል። ከጎንደር የመጡት እንግዳ ጓድ ከሙላቴ ጋር አበባ ከተቀመጠበት ጠረጴዛ ኋላ ናቸው።

ፈንታሁን ሚሊሜትር ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ማንበብ ጀመረ። ድምፁ እንደ መስመሩ ነው፤ አይወጣም፣ አይወርድም። ቀዩ እንዲህ ወረደ። ጥቁሩ እንዲህ ወጣ። እዚህ ላይ ተላለፉ። ድምዳሜው ጋ ሲደርስ ማንበቡን ተወ። ወረቀቱን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ፣ በሙላቴ ፊት አኖረው።

«ጓድ ሙላቴ ያስጻፉት ድምዳሜ ይኸው። እኔ ግን የተጠየቅሁት ኮረዳ ለምን አትሸጥም ተብዬ ነው። እሱን ልመልስ።»

ውዴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሙስጠፋ የበሩን መቃን ያዘ። ይርጋ ዐይናቸውን ጨፈኑ።

«ኮረዳ የምትስበው የአገሩን ጣቢያ ብቻ ነው» አለ ፈንታሁን። «በአገሩ ጣቢያ ደግሞ ይህ ሕዝብ መስማት የሚፈልገው አይነገርም። ከዚህ አውራጃ ልጆች ወደ ጦር ሜዳ ሄደዋል። ያሉት የት እንዳሉ፣ የሞቱት የት እንደ ተቀበሩ፣ ስማቸው እየተጠራ በአገሩ ጣቢያ ይነበብ። ያን ዕለት መጋዘኑ ባዶ ይሆናል፤ ኮረዳ ትፈለጋለች፣ አትገኝም። የጥናቴ ድምዳሜ ይህ ነው።»

ስለ መነኩሴ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ማን ምን እንደሚሰማበት አላለም። ሙስጠፋ የያዘውን መቃን ለቀቀ። ሙላቴ ብድግ ብሎ «ለሻይ ዕረፍት…» ማለት ጀመረና የሚከተለው ሰው አጣ። የተነሣ የለም።

እንግዳው ጓድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጓድ፣ ያነሡት ጉዳይ ስሜት የሚነካ ነው። ከስብሰባው በኋላ ቢሮ ገብተን እንነጋገርበታለን።»

«ቢሮ ጠይቄያለሁ» አለ ፈንታሁን። «‹አልደረሰንም› ተብያለሁ።»

መቆጣት ነበረበት፤ ግን ቍጣም አልመጣለትም። እጁ አልተንቀጠቀጠም። የድምፅ ማጉያውን ከመቆሚያው ነቀለና በአበባው ላይ አሻግሮ ለእንግዳው ዘረጋላቸው።

«ካሳሁን ፈንታሁን» አለ። «ዑመር ሙስጠፋ።»

ከገበሬዎቹ ወገን ይርጋ ተነሡ። ጋቢያቸው ወደቀ፤ አላነሡትም። «ጌትነት ይርጋ» አሉ።

ማጉያው ተዘርግቶ ቀረ። እንግዳው አልተቀበሉትም።

«የት ናቸው?» አለ ፈንታሁን። «ካሉ፣ አሉ ይበሉን። ከሞቱም ሞተዋል ይበሉን፣ እናልቅስበት። ቢሮ አልገባም፤ ሻይም አልጠጣ። እዚሁ፣ በዚህ ማጉያ፣ ይህ ሁሉ ሰው እየሰማ ይመልሱልን!»